ለሩጫ ዘፈን አመራረጥ፦ የእግርን ምት ከከበሮ ምት ጋር ማገናኘት

ለሩጫ ዘፈን ሲመረጥ መነሻው እግር እንጂ ዘፈኑ አይደለም። ብዙ ሰው የሚወዳቸውን ፈጣን ዘፈኖች ስልኩ ላይ ሰብስቦ ይወጣና እግሩ እነሱን እንዲከተል ያስገድዳል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጥፋቱንም በዳገቱ ያሳብባል። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎና እንጦጦ ላይ ይህ ስህተት ቶሎ ይታያል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ አናት፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ከአቅሙ በላይ የጀመረ ሰው ጥቂት ቆይቶ እንኳ ትንፋሹን መመለስ ይከብደዋል።

በትክክል የተመረጠ ዘፈን ግን ትልቅ ጥቅም አለው። እግር እኩል እኩል እንዲያርፍ ያደርጋል፣ በድካም ጊዜ እርምጃው እንዳይጎተት ይይዛል፣ ረጅሙን መንገድ ያሳጥራል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በየካቲት 1990 ዓ.ም. በእንግሊዟ በርሚንግሃም በቤት ውስጥ ውድድር የ2,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሲያሻሽል ከድምፅ ማጉያ በሚወጣ ፈጣን ዘፈን እየታገዘ ነበር። የእሱ ፍጥነት የእኛ አይደለም፤ ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ግን አንድ ነው።

የሚያስፈልገው ስልክ፣ ኢርፎን፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ እርሳስና ወረቀት ነው። ከዚህ በታች «የእግር ምት» ስንል ሁለቱም እግሮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሬት የሚነኩበትን ብዛት ነው። «የዘፈን ምት» ደግሞ የዘፈኑ ዋና ምት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው፤ የስልክ መተግበሪያዎች ቢፒኤም እያሉ የሚጽፉት ይህንኑ ነው።

1. እግራችሁን ቁጠሩ

ያለ ዘፈን ውጡ። ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለና ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ፤ የሱሉልታ ሜዳም፣ በሰንዳፋ በኩል ያለው አስፋልት ደልዳላ ክፍሉም ይሆናል። ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተቆጠረ ቁጥር አይጠቅምም።

አሥር ደቂቃ በሶምሶማ አሟሙቁ። ከዚያ በለመዳችሁት ፍጥነት እየሮጣችሁ ቀኝ እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር አንድ እያላችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ቀኝ እግር 81 ጊዜ ካረፈ የእግር ምታችሁ 162 ነው። ብዙ ሰው 15 ሰከንድ ብቻ ቆጥሮ በስምንት ያባዛል፤ እንዲህ ሲሆን አንድ ስትሳሳቱ ውጤቱ በስምንት ይዛባል። ሙሉ ደቂቃ ስትቆጥሩ ግን የአንድ ስህተት ዋጋ ሁለት ብቻ ነው። የእጅ ሰዓታችሁ ራሱ የሚቆጥር ከሆነም አንዴ በእጅ ቆጥራችሁ አመሳክሩት።

ይህንኑ በሦስት ዓይነት ፍጥነት ድገሙት፦ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ሶምሶማ፣ አጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ በሚያናግረው መካከለኛ ፍጥነት፣ ማውራት በማይቻልበት ፈጣን ሩጫ። ሦስቱንም ቁጥሮች ጻፉ። የምትመርጡት ዘፈን ሁሉ የሚለካው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ቁጥሮቹን ስታዩ ልዩነታቸው ከጠበቃችሁት ያነሰ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ሲሮጥ 158፣ በ6 ደቂቃ 164፣ በ5 ደቂቃ 172 የሚመታ ሯጭ እንውሰድ። በመጀመሪያው ፍጥነት ኪሎ ሜትሩን በ1,106 እርምጃ ይጨርሳል፤ አንዱ እርምጃ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሁለተኛው 984 እርምጃ፣ እያንዳንዱ 102 ሴንቲ ሜትር። በሦስተኛው 860 እርምጃ፣ እያንዳንዱ 116 ሴንቲ ሜትር። ፍጥነት በአብዛኛው የጨመረው እርምጃው ስለረዘመ ነው፤ ምቱ የተለወጠው በ14 ብቻ ነው። ስለዚህ ለሶምሶማና ለፈጣን ሩጫ የሚሆኑ ዘፈኖች በምታቸው እጅግ የተራራቁ አይደሉም። ከ120 ወደ 180 የሚዘል የዘፈን ዝርዝር ሠርቶ «ይህ ለቀላል፣ ይህ ለከባድ» ማለት የእግርን አሠራር ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ስለ 180ም አንድ ነገር እንበል። «ትክክለኛው የእግር ምት 180 ነው» የሚለው ወሬ የመጣው አሜሪካዊው አሠልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የርቀት ሯጮችን እርምጃ ሲቆጥር ከሞላ ጎደል ሁሉም 180ና ከዚያ በላይ ሆነው ስላገኛቸው ነው። የቆጠራቸው ግን የዓለም ምርጦችን ነው፣ ያውም በውድድር ፍጥነት። በሳምንት ሦስት ቀን ለጤናው የሚሮጥ ሰው በሶምሶማ 160 ቢመታ ምንም ጉድለት የለበትም፤ የ180 ዘፈን ፍለጋም አያስፈልገውም።

2. ዘፈኑን ለኩ

ዘፈኑን ክፈቱና ድምፃዊው ሳይሆን ከበሮው ወይም ቤዙ የሚለውን ስሙ። በእግራችሁ ወለሉን እየመታችሁ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ። በጣት ሲነካ ምቱን የሚያሰላ መተግበሪያም በቀላሉ ይገኛል፤ ግን ቢያንስ 20 ጊዜ ሳትነኩ የሚሰጣችሁን ቁጥር አትመኑ።

መግቢያውን ዝለሉት። በአገራችን ዘፈኖች መጀመሪያ ላይ ማሲንቆ ወይም ክራር ብቻውን፣ አንዳንዴም ዋሽንት፣ ያለ ቋሚ ምት ሲጫወት ይቆያል። እግር የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሩጫ ላይ እነዚህ 30 ወይም 40 ሰከንዶች አካሄድን ያፈርሳሉ። ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ መግቢያውን ቆርጣችሁ ማስቀመጥ ነው። ቀረርቶና ፉከራም ነፃ አዘማመር ስላላቸው ለእርምጃ አይሆኑም፤ ልብ ያነሳሳሉና ከመውጣታችሁ በፊት፣ ጫማ ስታስሩ ስሟቸው።

ከዚያ በመሃልና በመጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ለኩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ከበሮው በሰው እጅ እየተመታ የተቀዱ የቆዩ ዘፈኖች፣ በተለይ ወደ እስክስታው ሲገቡ፣ እየፈጠኑ ይሄዳሉ። በ104 ጀምሮ በ112 የሚጨርስ ዘፈን ለጭፈራ ግሩም ነው፤ ለሩጫ ግን ሳታውቁት እየገፋ ይወስዳችኋል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ከበለጠ ያንን ዘፈን ከመካከለኛው ዝርዝር አውጡና ለመጨረሻው ኪሎ ሜትር አስቀምጡት፤ እዚያ መፍጠኑ ይጠቅማል። ከካሴት ወደ ስልክ የተገለበጡ ቅጂዎችም ከዋናው ሊፈጥኑ ወይም ሊዘገዩ ስለሚችሉ፣ አንድ ዘፈን ከሁለት ቦታ ብታገኙ ሁለቱንም ለኩ። የምትጽፉት እጃችሁ ላይ ያለውን ፋይል ምት ነው።

3. ችክችካን በሦስት ቁጠሩት

ብዙ ሰው ለሩጫ የውጭ ዘፈን ብቻ የሚመርጠው «የአማርኛ ዘፈን ምቱ አይገጥምም» ብሎ ነው። ይገጥማል። አቆጣጠሩ ብቻ ይለያል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ችክችካ፣ ማለትም እስክስታ የሚጨፈርበት የከበሮ ምት፣ ውስጡ ስድስት ትናንሽ ምቶች አሉት። ቀስ ብላችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት በሉ። ትከሻ የሚነቀንቀው ትልቁ ምት የሚወድቀው አንድ ላይና አራት ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ በቀኝ እጃችሁ አንድና አራትን ምቱ። አሁን ያንን ሳትለቁ በግራ እጃችሁ አንድ፣ ሦስትና አምስትን ምቱ። በመጀመሪያ እጆቻችሁ ይጋጫሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ስትሞክሩ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዱና ችክችካው ራሱ ከጠረጴዛው ይሰማል። ቀኝ እጃችሁ የያዘው የጭፈራውን ምት ነው፤ ግራው የያዘው የሩጫውን።

ስለዚህ ትልቁን ምት ለክታችሁ በአንድ ተኩል አባዙት። ትልቁ ምት በደቂቃ 110 ከሆነ በሦስት ሲቆጠር 165 ይሆናል፤ ይህ ለብዙ ሰው ትክክለኛ የሶምሶማ ምት ነው። የእግር ምታችሁ ከ160 እስከ 170 ከሆነ የምትፈልጉት ችክችካ ትልቁ ምቱ ከ107 እስከ 113 የሆነ ነው። ለ174 እግር 116 ያስፈልጋል።

ስልክ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ምት የሚለኩ መተግበሪያዎች አንዱን ችክችካ አንዴ 55፣ አንዴ 110፣ አንዴ 165 ሊሉት ይችላሉ። ሦስቱም የአንድ ዘፈን ምት ናቸው፤ የትኛውን ሽፋን እንደያዙ ነው የሚለያየው። «110 ነው፣ ለሩጫ ይዘገያል» ተብለው የተጣሉ ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

በዚህ አቆጣጠር ሌላም ትርፍ አለ። በአንድ ዙር (በስድስቱ ትናንሽ ምቶች) ውስጥ ሦስት እርምጃ ስለሚገባ፣ በመጀመሪያው ዙር «አንድ» ላይ ግራ እግር ካረፈ በሚቀጥለው ዙር ቀኝ እግር ያርፋል። ጠንካራው ምት በእግሮቹ መካከል ይቀያየራል። ባለ አራት ምት ዘፈን ላይ ግን አንዱ እግር ሁልጊዜ ጠንካራውን ምት ይዞ ይቆያል፤ ረጅም ርቀት ላይ ያንኑ እግር ጠንከር አድርጎ የመርገጥ ልማድ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ትንፋሽም ከዙሩ ጋር ይገጥማል፦ በሶምሶማ አንድ ዙር መሳብ አንድ ዙር ማውጣት፣ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ በሁለት እርምጃ ስቦ በአንድ ማውጣት። ካልመጣላችሁ አታስገድዱት፤ ትንፋሽ በትእዛዝ ሲሆን ደረት ይጨንቃል።

4. ሌሎቹ ምቶች

ባለ አራት ምት ዘፈኖች ቀላል ናቸው። ምቱ ከእግራችሁ ጋር እኩል ከሆነ አንድ ለአንድ፣ ግማሽ ከሆነ በአንድ ምት ሁለት እርምጃ። የአማርኛ ሬጌ ለቀላል ሩጫ ከሁሉ የሚመች ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ ብዙው ከ75 እስከ 90 ባለው መካከል ስለሚውል ሲታጠፍ 150 እስከ 180 ይሆናል፣ ሳይጣደፍ ደግሞ ያስኬዳል። ሂፕሆፕም ከ85 እስከ 95 ያለው በዚሁ መንገድ ለመካከለኛና ለፈጣን ሩጫ ይሆናል።

የጉራጌ ዘፈኖች ጭብጨባቸው ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ለመቁጠር አያስቸግሩም። ችግሩ ስሜታቸው ነው፤ ምቱ እንኳ ከእግራችሁ ጋር ቢገጥም ጉልበት ያስነሳሉና ለማሟሟቂያ አታድርጓቸው። ለአጫጭር ፈጣን ዙሮች ግን የሚተካከላቸው የለም።

በትግርኛ ጓይላ ውስጥ አምስት ትናንሽ ምቶች ሁለትና ሦስት ሆነው የሚከፈሉበት አመታት አለ። እኩል የሚራመድ እግር ባልተካከሉት ሁለት ክፍሎች ላይ ማረፍ ስለማይችል ወይ ይንከረፈፋል፣ ወይ እግር ዘፈኑን ይተወዋል። ዘፈኑን የምትወዱት ከሆነ ከሩጫ በኋላ በእግር ስትሄዱ ስሙት። በአራት የተሠሩ የትግርኛ ዘፈኖችም ስላሉ ቋንቋውን ሳይሆን ምቱን እያያችሁ ለዩ። ትዝታ ለማቀዝቀዣ ነው።

መዝሙር እየሰማ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ ዘፈን የማይሰሙ ስላሉ የተለየ ዝርዝር ያስፈልጋቸዋል። አለካኩ አንድ ነው፤ ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን፣ በተለይ ከረገድ ወደ ጭብጨባ የተሻገረውን ክፍል ለኩ። በዐቢይ ጾም ሳይበሉ የሚሮጡ ሰዎች ከተለመደው የእግር ምታቸው በ3 ወይም በ4 ዝቅ ያለውን ቢመርጡ ይሻላል።

5. ትንሽ የሚጎድለውን አስተካክሉ

የዘፈኑ ምት ከእግራችሁ ጋር በ2 ቢለያይ ምንም አይደለም፤ እግር ራሱ ያመጣዋል። ከ3 እስከ 8 ከተለያየ ፍጥነቱን መለወጥ ይቻላል። የምትፈልጉትን ምት ለዘፈኑ ምት አካፍሉ፦ 165 ለ160 ሲካፈል 1.03 ነው፤ ዘፈኑን በ3 በመቶ ማፍጠን ማለት ነው። ስልክ ላይ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ የመጫወቻ ፍጥነት መቀየሪያ አለው። ኮምፒውተር ካላችሁ ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማስተካከያ በነፃ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ቴምፖ የሚለውን እንጂ ስፒድ የሚለውን አትምረጡ። ስፒድ ከፍጥነቱ ጋር ድምፁንም ስለሚያቀጥነው ድምፃዊው የሕፃን ድምፅ ይዞ ይመጣል።

ከ5 በመቶ በላይ አትሂዱ። ከዚያ ካለፈ የክራሩ ክር ይንጣጣል፣ የከበሮው ድምፅ ይደርቃል፣ የሚታወቅ ዘፈን ደግሞ ጆሮ ቶሎ ይጠረጥረዋል። ከ5 በመቶ በላይ የሚፈልግ ዘፈን ለእናንተ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

የእግር ምታችሁን ራሱን ለማሳደግ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለምሳሌ እርምጃችሁ ረዝሞ ተረከዛችሁ ከፊት ርቆ እያረፈ ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ፣ ልኩ ያው 5 በመቶ ነው። ከ158 ወደ 166። ፍጥነቱን ሳትጨምሩ ምቱን ከፍ ስታደርጉ እርምጃው ያጥራል፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈውም ጫና ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደቂቃ በአዲሱ ምት፣ አራት ደቂቃ በራሳችሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። በአንድ ቀን ሙሉ ሩጫውን በአዲስ ምት የሮጠ ሰው በማግስቱ ባቱን ይዞ ነው የሚነሳው።

6. አደራደር

ለ50 ደቂቃ ሩጫ 12 ያህል ዘፈን ይበቃል። በወረቀት ላይ የዘፈኑን ስም፣ ምቱን፣ እንዴት እንደሚቆጠር (አንድ ለአንድ፣ በግማሽ ወይም በሦስት) እና ርዝመቱን ጻፉ። የሶምሶማ ምታቸው 162 ለሆነ ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

- ከ0 እስከ 10ኛው ደቂቃ፦ ከ154 እስከ 158፤ ሬጌ 77 ወይም 79፣ ወይም ችክችካ 104።
- ከ10 እስከ 38፦ ከ160 እስከ 164፤ ችክችካ ከ107 እስከ 109 እና ሬጌ 81 እያፈራረቁ።
- ከ38 እስከ 45፦ ከ166 እስከ 170፤ እየፈጠነ የሚሄድ ዘፈን ካላችሁ ቦታው ይህ ነው።
- የመጨረሻው 5 ደቂቃ፦ የምት ነገር ቀርቶ ደስ የሚላችሁ ማንኛውም ቀርፋፋ ዘፈን።

በተከታታይ ዘፈኖች መካከል የእግር ምቱ ከ4 በላይ አይዝለል። ማቀላቀያውን (ሸፍሉን) አጥፉት። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው የሚገባበት ቅንብርም ካለ ዝጉት፤ ሁለት የተለያዩ ምቶች ለሦስት ሰከንድ ሲደራረቡ እግር የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም። ፋይሎቹን ቀድማችሁ አውርዱ፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዘፈኑ ይቆማል፣ እግርም አብሮ ይደናገራል።

7. መሬቱና ዳገቱ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ምቱን ይዞ እርምጃን ማሳጠር፣ ወይም ዘፈኑን መተው። የመጀመሪያው ይሻላል። 162 እየመታችሁ እርምጃችሁ ከአንድ ሜትር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ እየተንቀሳቀሳችሁ ነው፤ ትንፋሻችሁም ይበቃችኋል። ዳገት ላይ ሜዳ ላይ የነበረውን የእርምጃ ርዝመት ከምቱ ጋር ልያዝ ማለት ግን አናት ሳይደርሱ መቆምን ያመጣል። ትንፋሽ ከጠፋ ወደ እርምጃ ውረዱ፤ ዘፈን ስላላለቀ ብቻ አይሮጥም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰውነት በራሱ ስለሚፈጥን ፈጣን ዘፈን መጨመር ጭን ላይ ጉዳት ነው፤ የሜዳውን ዘፈን ይዛችሁ ውረዱ።

ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ሰው ለባሕር ጠለል የተሠራ የፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ጊዜ) ሠንጠረዥና የዘፈን ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። ምቱን አይለውጥ፤ የሚለወጠው የእርምጃው ርዝመት ነው። እዚያ በ5 ደቂቃ ተኩል ይሮጠው የነበረውን ኪሎ ሜትር እዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ6 ደቂቃ በላይ ቢሮጠው ያው ዘፈን ያገለግለዋል። አቃቂ ከሱሉልታ ዝቅ ስለሚል ለትንፋሽ ይቀላል፤ ፈጣን ዝርዝራችሁን መጀመሪያ እዚያ ሞክሩት።

በክረምት ጭቃ ጫማ ላይ ሲጣበቅ እግር ይከብዳል፤ ምቱም በራሱ ይወርዳል። ለዚያ ወቅት ከ4 እስከ 6 ዝቅ ያለ ዝርዝር ያዙ። ኮረኮንች ላይ ምት መከተል ጨርሶ አይመከርም፤ እግር የሚያርፍበትን ዓይን ይመርጥ እንጂ ከበሮ አይምረጠው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ሥር በበዛበት በባሕር ዛፉ መካከልም እንዲሁ። አትሌቶቹ እዚያ ሲሮጡ በአንድ ሰልፍ ሆነው የፊተኛውን እግር እግር እየተከተሉ በዛፎቹ መካከል ይጠማዘዛሉ፤ የፊተኛው እግር ለኋለኛው ምት ይሆነዋል። ከጓደኛ ጋር ስትሮጡ ይህን ሞክሩት፤ ኢርፎኑን ኪስ ክተቱት።

8. ጆሮና መንገድ

በአውራ ጎዳና ዳር በግራ በኩል፣ መኪናው ከፊት እየታያችሁ ሩጡ። እንዲህ ሲሆን መኪናው የሚያልፈው በቀኛችሁ ነው፤ ስለዚህ ኢርፎኑን ግራ ጆሮ ላይ ብቻ አድርጉና ቀኙን ክፍት ተዉት። በአንድ ጆሮ ስትሰሙ የስልኩን ድምፅ ወደ ሞኖ (የሁለቱም ጆሮ ድምፅ ተቀላቅሎ ወደሚሰማበት ቅንብር) ቀይሩት፤ በተለይ የቆዩ ቅጂዎች ላይ ከበሮው በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገባ ምቱን ልታጡት ትችላላችሁ። ድምፁ ከስልኩ አቅም 60 በመቶ አይለፍ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲጠራችሁ ካልሰማችሁ በዝቷል። የውጭ ድምፅ የሚያጠፋውን ቅንብር ዝጉት። ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ ውሻ፣ እንጨት የጫነ አህያ፣ ሁሉም ቀድሞ የሚታወቀው በድምፅ ነው።

ሳይነጋ ጫካ ውስጥ አትሰሙ። ጅብም ሌባም ስላለ እስኪነጋ ድረስ ሁለቱም ጆሮ ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምሩት። ስልክ በእጅ ይዞ መሮጥም አንዱን ክንድ ያከብደዋል፣ ለመንታፊም ያመቻል፤ ወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ውስጥ ይሁን።

9. ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ

በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ያለ ዘፈን ሩጡና ምታችሁን በእጅ ቁጠሩ። ከዘፈኑ ጋር 164፣ ያለ ዘፈን 156 ከሆነ ምቱ ገና የእናንተ አልሆነም፤ ዘፈኑን በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ለአምስት ደቂቃ እያጠፋችሁ አለማምዱት። ጫማ ስትቀይሩ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ከሕመም ስትመለሱ ሦስቱን የእግር ምቶች እንደገና ለኩ።

የአትሌቲክስ ውድድር ደንብ ሯጮች በውድድር ላይ ሙዚቃ ማጫወቻም ሆነ ስልክ እንዲጠቀሙ አይፈቅድም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የታላቁ ሩጫ የ10 ኪሎ ሜትር የሕዝብ ሩጫ ላይ ደግሞ ሙዚቃው መንገድ ዳር ነው። በየጥቂት መቶ ሜትሩ የተለየ ምት ይሰማል፤ ሕዝቡም ይጨፍራል። ጥሩ ሰዓት ለማስመዝገብ የምትሮጡ ከሆነ ከመነሻው ያለው ግፊያ እስኪላላ ድረስ ምት አትፈልጉ። ቦታ ስታገኙ ለአንድ ደቂቃ ቀኝ እግራችሁን ቁጠሩ፤ በልምምድ የያዛችሁት ቁጥር ላይ ከሆናችሁ የመንገዱ ከበሮ ሲያልፍ እሱን ሳይሆን የራሳችሁን ቆጠራ ተከተሉ።